ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው? ከመንዙማ እስከ ሜታል ሁሉም ይፈቀዳል

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ጀመዓው። ደሴን ዝናብ ይዟታል። ከጦሳ የወረደው ጉም ፒያሳን ሸፍኖ መንገድ አያሳይም፣ ስለዚህ ሰሞኑን ሥራ የበዛበት ጆሮ ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ምን ትሰማለህ ሲባል ሁሌ "የድሮውን" ብሎ የጥላሁንን ስም ጠርቶ ይገላገላል። ስልኩን ተቀብለህ ስታየው ግን ያለው ሌላ ነው። እስቲ እውነቱን እናውራ። በዚህ ሳምንት በርግጥ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ከአንድ ዓይነት በላይ ይሁን፣ ስም ብቻ ጥላችሁም አትሂዱ። ምኑ እንደያዛችሁ ንገሩን።

እኔ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሙዚቃ ላይ እንደዚያ ስለተለመደ።) ጠዋት ጠዋት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው የምከፍተው። ፒያኖ ብቻ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በኢየሩሳሌሙ ገዳም ነው፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉትም እዚያው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ታሪካቸው ነው። ልጅ ሆነው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፣ ኋላ ካይሮ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ዓለም በቃኝ ብለው ግሸን ማርያም ወጡ። እዚሁ አምባሰል! አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ። ሙዚቃቸውን ስትሰሙ ግራ እጃቸው የፈረንጁን ክላሲካል ይዞ ይሄዳል፣ ቀኝ እጃቸው የኛን ዜማ ይጫወታል፣ ምቱ ደግሞ ልክ የለውም፤ አንዱን ድምፅ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይዘው ይቆዩና ቀጥሎ ያለውን ተንደርድረው ያልፉታል። በሜትሮኖም፣ ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ የለመደ ሰው ሊናደድ ይችላል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ማታ ደግሞ የማይልስ ዴቪስን ካይንድ ኦፍ ብሉ የሚባለውን አልበም፣ የ1959ኙን። ጃዝ ይከብደኛል የምትሉ በሱ ጀምሩ። ከኮርድ ኮርድ እየዘለለ አያደክምም፣ አንድ ስኬል ላይ ቁጭ ብሎ እሱኑ ያብላላል። ክራር እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም።

ቀጥሉ።

ሦስት እግር (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ የምሰማው ተሳፋሪው የሚፈልገውን ነው ሃሃ። ፍላሼ ላይ የሌለ ነገር የለም። ጁምዓ ጠዋት መንዙማ ካልከፈትክ ሰው ፊቱን ያዞርብሃል። ከኬሚሴ የመጣ ሰው ሲገባ ዓሊ ቢራ፤ እሱ ላይ ማንም አይጨቃጨቅም፣ ኦሮምኛ የማይችለውም አብሮ ያንጎራጉራል። እናቶች ከሆኑ ድምፁን ዝቅ አድርጌ የድሮ ክራር። ጎረምሳ ከገባ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ "ብሉቱዝህ ስሙ ማነው" ይላል፣ ችግሩ የሚመጣውም ያኔ ነው። ስፒከሬ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ወረቀቱ በአንድ በኩል ስለተቀደደ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ ባስ ሲበዛበት ይንጫጫል። ሙሉ መንገድ "ጨምረው ጨምረው" ይሉኛል እንጂ ስፒከር አይገዙልኝም።

ብቻዬን ስሆን የኔ ምርጫ ሱዳን ነው። መሐመድ ወርዲ። ከሚለው አንዱም አይገባኝም፣ ግን ዜማው ከኛ ቤት የወጣ ይመስላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ዲያቆኑ (ላሊበላ)፦
የጦሳ ልጅ፣ ስለ እማሆይ ስላነሳህ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ፍልሰታ ስለሆነ ዘፈን አቁሜያለሁ፣ በገና ነው የምሰማው። አለሙ አጋን። በገናን በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው ግን ምንም አልሰማም፣ በቃ። ኢርፎን አድርጉበት። አሥር አውታር አለው፣ በእያንዳንዱ አውታርና ከሥሩ ባለው ድልድይ መካከል እንዝራ የሚሉት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፣ ያ ንዝረት የሚመጣው ከሱ ነው። ቁራጩ ትንሽ ካለቦታው ከተቀመጠ ድምፁ ይሞታል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት አሥሩንም አንድ በአንድ ሲያስተካክል መቆየቱ ለዚህ ነው፣ እኔ ያንን ማስተካከሉንም እንደ ዜማው እሰማዋለሁ።

አንድ አቤቱታ ግን አለኝ፤ ስልኮች ላይ ሁሉን እያቀላቀለ ስለሚያመጣው ሻፍል። የገና ዕለት የቀረጽኩት ቤዛ ኩሉ አለኝ፣ ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍና ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ እየተቀባበሉ የሚያወርዱት። እሱ አልቆ ዝም ሲል ስልኩ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? የክለብ ሙዚቃ። ሰው ፊት። የቤተክርስቲያኑን ዜማ፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ለብቻ አስቀምጡ፣ ከሌላው ጋር አይቀመጥም።

የሐርቡዋ፦
ዲያቆን በሻፍሉ ነገር አብሬህ ነኝ። እኛም ቤት መንዙማ ከዘፈን ጋር አይደባለቅም፣ የራሱ የቴሌግራም ቻናል አለው፣ እናቴ ስልኬን ስትወስድ የምትከፍተውም እሱን ብቻ ነው።

የኔ አቤቱታ ደግሞ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው መንዙማ ተቆራርጦ አለቀ። አምስት ደቂቃ! መንዙማ በአምስት ደቂቃ ገና አልጀመረም እኮ። ሀድራ ላይ፣ መንዙማ በሚባልበት ጉባኤ፣ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ አንዱ ብቻውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያነሳዋል፣ ድቤው ዝም ብሏል፣ ሰው ገና ቡናውን እየጠጣ ነው። ተቀባዩ ሁለት ሦስቴ ከመለሰ በኋላ ጭብጨባው ይገባል። ድቤው ከሱ ቀጥሎ ነው። ከዚያ ያው ስንኝ ይመላለሳል፣ ይመላለሳል፣ ፍጥነቱ ሳይታወቅህ ጨምሯል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው መጀመሪያ የሰማኸው ስንኝ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ይሄንን ቆርጦ ኪቦርድ አስገብቶ መሸጥ ምን ይሉታል? ግጥሙም ቢሆን የተጻፈው ተረጋግቶ እንዲሰማ ነው። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ያቆዩልን ቅርስ ነው።

ከውጪ ያገኘሁት ደግሞ የፓኪስታኑን ኑስራት ፈትህ ዓሊ ኻንን ነው። ቀዋሊ ይሉታል። በ1997 ነው የሞተው። ቋንቋው ኡርዱና ፑንጃቢ ነው፣ አይገባኝም፣ አካሄዱ ግን ወላሂ የሀድራ ነው። አንዱ ያነሳል፣ ከኋላ የተቀመጡት ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ይጠነክራል፣ አንዱ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታው "ይሄ ደግሞ የየት ሸኽ ነው?" አለችኝ።

ኪቦርድ በኪራይ (ኮምቦልቻ)፦
የክርስቲያኑ ሠርግ ለፍልሰታ ስለቆመ ጊዜ አለኝ፣ ልጻፍ።

ሦስት እግር ወንድሜ፣ ወርዲ የቤት ዜማ የመሰለህ ወደህ አይደለም። የሱዳኑም የኛም ዜማ አብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው የሚሠራው። ወርዲ ደግሞ የኑቢያ ሰው ነው፣ ልጅ ሆኖ የተጫወተው ታምቡር የክራር ዘመድ ነው።

አሁን ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ አውርዱ፣ ነፃ ነው። ከዶ ተነሱ። ከሬ በፊት ያለውን ጥቁር ንኩ፣ ከዚያ ፋን፣ ከዚያ ሶልን፣ ከዚያ ከላ በፊት ያለውን ጥቁር። አምስት ድምፅ። ወደ ላይ ወደ ታች አመላልሱት። አምባሰል ነው። ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ሳይደርስ ያለው ተራራ ስሙን ያስጠራበት ቅኝት ይሄ ነው። አሁን ደግሞ ሳኩራ የሚባለውን የጃፓኖች የድሮ ዜማ ፈልጋችሁ ስሙ። ያው አምስት ድምፅ ነው! ትዝታ ማይነርን፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ከሚ በፊት ያለው ጥቁር፣ ሶል፣ ከላ በፊት ያለው ጥቁር፣ እሱንም ጃፓኖቹ ኮቶ የሚባለውን መሣሪያቸውን ይቃኙበታል። ማን ከማን ወሰደ አትበሉኝ፣ ሁለት ሩቅ አገር ያለ ጆሮ አንድ ቦታ ሊደርስ ይችላል። እኔ ሰሞኑን ኮቶ ነው የምሰማው። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ሰውዬው ከባቲ የመጣ ነው የሚመስለኝ።

የአራቱ ቅኝቶች ከባዱ አንቺሆዬ ነው፣ ከተማሪዎቼ ውስጥ ቶሎ የሚይዘው የለም። ሁለቱ መካከለኛ ድምፆች በጣም ተጠጋግተዋል፣ ጣት ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኪቦርድ ሁሉንም ድምፅ እኩል ነው የሚከፍለው። ክራር የሚቃኝ ሰው ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው፣ አንዳንዱን ድምፅ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ ጣዕሙ እዚያች ትንሿ ልዩነት ውስጥ ነው። ሠርግ ላይ አምባሰል ስንጫወት አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ቅጭም የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ዘመናዊ ኪቦርድ ላይ ስኬል ቱኒንግ የሚባል አለ፣ ማስተካከል ይቻላል፣ የሚነካው ግን የለም። ሁሉም ችክችካውን ከፍቶ መሄድ ነው።

404 ዶርም (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦
እንግዲህ ኪቦርድ ዜማ አበላሸ የሚለው ወሬ እዚህም ደረሰ። ሮፍናን በ2018 ነጸብራቅ የሚለውን አልበም ሲያወጣ ምን ነበር የተባለው? "ኮምፒውተር ነው፣ ሙዚቃ አይደለም።" አሁን እነዚያው ሰዎች ሠርጋቸው ላይ ያስከፍቱታል። እኔ ሰሞኑን ኢትዮጵያን ሬከርድስ ላይ ነኝ፣ እንደገና ሙሉ የሚባለው ሙዚቀኛ በዚህ ስም የሚያወጣቸው ሥራዎች። ማሲንቆና ዋሽንቱን ቆራርጦ ከታች ከባድ ባስ ያስገባበታል፣ ግን ማሲንቆው ማሲንቆነቱን አይለቅም። ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ይለዋል። ማታ ማታ ደግሞ ዶርም ውስጥ የደቡብ አፍሪካ አማፒያኖ ነው፣ ሎግ ድረም የሚሉት ከባዱ የባስ ምት ሲገባ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ፕሮክተሩ ይመጣል፣ እናጠፋለን፣ ይሄዳል፣ እንከፍታለን።

ሂፕ ሆፕ ለምትሉ፣ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡትን አልበም የመጀመሪያ ትራክ ስሙት። ቢቱ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ ከየግሌ ትዝታ የተወሰደ። አያቴ ያልሰማውን ሙላቱን እኔ ያወቅኩት ከኒው ዮርክና ከጃማይካ ዞሮ መጥቶ ነው።

ኪቦርድ በኪራይ፦
ኪቦርድ አጥፉ አልወጣኝም የኔ ወንድም፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ቃኙት ነው ያልኩት።

ጋሽ ካሴት (ደሴ)፦
ልጆች እንዴት ዋላችሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ካሴቶቼን እስካሁን አልጣልኩም፣ ሪሉ ሲፈታ በእስክሪብቶ እየጠቀለልኩ እሰማለሁ።

የሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ አምባሰል ይሄን ሁሉ ስታወሩ ማሪቱ ለገሰን ያነሳ ጠፋ? ወሎ ላሊበላ ኪነት በደርግ ጊዜ እዚህ ደሴ ሲሠራ ያየ ሰው ኪቦርዱ በትክክል ተቃኘ አልተቃኘ ብሎ አይከራከርም። ማሪቱ አምባሰልን ስታወርድ አንዷን ቃል አንስታ ታንከባልላታለች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ትሰብራታለች፣ ቃሏ ሳታልቅ ሌላ አትጀምርም። የዛሬ ዘፋኞች ይቸኩላሉ። ክራር ደግሞ አስናቀች ወርቁ። እሷ ስትደረድር ጨዋታ ነው፣ ነገር ትወጋለች፣ ትስቃለች፣ ሰው እያየች ትዘፍናለች፣ ተዋናይም ስለነበረች መሰለኝ።

አሁን ግን እውነቱን አውሩ ስላላችሁ፣ ሰሞኑን በብዛት የምሰማው ልጄ በስልክ የላከልኝን ነው። ኃይሉ መርጊያ። ዋልያስ ባንድ ላይ ሲጫወት አውቀዋለሁ፣ በ1985 ግን አሜሪካ ሆኖ ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ አንድ ካሴት ሠርቷል። ያ ነገር ተረስቶ ኖሮ በ2013 ፈረንጅ እንደገና አሳተመው። ሦስት እግር፣ አንተን ነው፣ ስማ። ሰውዬው ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው። ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ይዞ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመድ ነበር። አሁን ዓለምን እየዞረ መድረክ ላይ ነው።

ሦስት እግር፦
ጋሽ ካሴት እድሜ ይስጥዎት። የኔ ባጃጅ ኮፈን የላትም እንጂ ሃሃ። አኮርዲዮኑን ግን አሁን አውርጄ ሰማሁት፣ ስፒከሬ ወዶታል፣ ባስ የለበትም።

ሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦
ሜታል የሚሰማ እዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፣ ቢሆንም እጽፋለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይመታል፣ ከፈረቃ ስወጣ ዝምታው ራሱ ይጮህብኛል። ያኔ ትዝታ ብሰማ እንቅልፍ ሳይሆን ለቅሶ ነው የሚመጣው። ብላክ ሳባዝን ነው የማደርገው፣ የ1970ውን የመጀመሪያ አልበም። ሰዎቹ የበርሚንግሃም የፋብሪካ ሠፈር ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራና ቀጠለ። ኋላ ክሩ እንዳያሳምመው ላላ አድርጎ መቃኘት ጀመረ፣ ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ፣ ሜታል የምንለውን ድምፅ ከሠሩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ጩኸት ነው የምትሉኝ፣ የኛን ፋብሪካ ድምፅ ሄዳችሁ ስሙና ከዚያ እንነጋገር።

የሐርቡዋ፦
ያ አላህ፣ ጣቱን! አብሽር ወንድሜ፣ ጩኸት አልልህም። በቀስታ የሚጀምር ካለው ግን ላክልኝ።

ሌሊት ፈረቃ፦
አለው። የመጀመሪያው ትራክ በዝናብና በደወል ነው የሚጀምረው። የዛሬውን የደሴ አየር ይመስላል።

ጅዳ ነኝ፦
እናንተዬ ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ከመርሳ ነኝ። ሰው አረብ አገር ያለ ሰው ትዝታ ሲሰማ ውሎ የሚያድር ይመስለዋል። ትዝታ እኮ ሥራ ያስፈታል! እኔ የምሠራበት ቤት ሁለት ልጃገረዶች አሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢቲኤስ የሚባሉት የኮሪያ ዘፋኞች ናቸው፣ ሳላስበው የ2020ውን ዳይናማይት ዳንሱን ሁሉ ችዬዋለሁ፣ ምጣድ ይዤ ነው የምሠራው። ዓርብ ዕረፍት ሲሆን ከሐበሾቹ ጋር ስንገናኝ ደግሞ ሁሉም የየሠፈሩን ያመጣል። የራያዋ ልጅ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና የቆቦውን ጭብጨባ ትከፍታለች፣ ከዚያ ማንም ቁጭ አይልም፣ ከታች ያለው ጎረቤት መጥቶ በር እስኪመታ። የግብጿን ዘፋኝ ኡሙ ኩልሡምን ያስለመዱኝ አሠሪዬ እናት ናቸው። አንዱ ዘፈን አንድ ሰዓት ነው፣ ቃሉን አሥሬ እየመለሰች በየጊዜው ሌላ ታደርገዋለች። ጋሽ ካሴት ስለ ማሪቱ ያሉት እሷም ላይ አለ።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሽ ካሴት፣ ማሪቱን ዝም ያልኳት እርስዎ ቢያነሷት ይሻላል ብዬ ነው፣ ይኸው አነሱልን። ኪቦርድ በኪራይ፣ ክራር ያለው ሰው አምባሰል ላይ ቃኝቶ ሳኩራን ቢጫወትልን በድምፅ ይልቀቀው፣ ወይ አንተው አድርገው። ዲያቆን፣ ሻፍሉን ማጥፊያ አለው እኮ፣ ሁለቱ የተጠላለፉት ቀስቶች ናቸው።

ዲያቆኑ፦
አጠፋሁት። አሁን ደግሞ አንዱኑ ደጋግሞ ያመጣል።

404 ዶርም፦
ዲያቆን፣ ያ ከጎኑ ያለው ነው፣ ክብ የሆነው። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ንካው።

ሦስት እግር፦
ሪፖርት ላቅርብ። የላካችሁትን ሁሉ ፍላሽ ላይ ጭኜ ዛሬ ሞከርኩት። ሳባዝ ላይ አንዲት እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ልጄ ሞተሩ ነገር ሆነብህ እንዴ፣ ቁምና እየው" አሉኝ፣ አውጥቼዋለሁ፣ ሌሊት ፈረቃ ይቅር በለኝ። ማይልስ ዴቪስን ማንም አልተቃወመም፣ ማንም አልሰማውምም። ኑስራት ግን ጉድ ነው! አንድ ሰውዬ ከቦርከና ድልድይ ገቡ፣ የሚወርዱበት ስንደርስ ሒሳብ ከፍለው አልወርድም አሉ፣ "እስኪያልቅ ልቀመጥ።" ሃያ ደቂቃ! ሞተር አጥፍቼ ጠበቅኩ፣ ይጠብቀኝ የነበረ ሁለት ሰው ሌላ ባጃጅ ወሰደብኝ። የሐርቡዋ፣ ከሱ አጠር ያለ ካለሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።